ከተማ ሲጠቃ የአገር ቁርጠኝነት በምን ይለካል? ከዌስትጌት እስከ ዱሲት፦ የናይሮቢ ትምህርት

አሸባሪዎች ከተማን ዒላማ የሚያደርጉበት ምክንያት ግልጽ ነው። ገበያው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ባንኩ፣ ኤምባሲውና የመገናኛ ብዙኃኑ በአንድ ሥፍራ የሚገኙት በከተማ በመሆኑ፣ በጥቂት ሰዎች እጅ የሚፈጸም ጥቃት የሚፈጥረው ድንጋጤ በሰዓታት ውስጥ አገርን አልፎ ለዓለም ይዳረሳል። በጥቃቱ ሕይወትና ንብረት ይጠፋል። ከዚህ ጀርባ ያለው ዋነኛ ዒላማ ግን ዜጋው በጎረቤቱና በመንግሥቱ ላይ ያለው እምነት ነው። ይህ እምነት የተሸረሸረ ዕለት አሸባሪው ሁለተኛ ጥይት መተኮስ ሳያስፈልገው ያሰበውን ያገኛል።

ከእንዲህ ዓይነቱ ጥቃት በኋላ በየአገሩ የሚሰማው ቃል ተመሳሳይ ነው። መሪዎች "አንንበረከክም" ይላሉ፤ ሕዝቡ ደም ለመለገስ ይሰለፋል፤ ፓርቲዎች ልዩነታቸውን ለጊዜው ወደ ጎን ያደርጋሉ። ይህ ሁሉ ተገቢና አስፈላጊ መሆኑ አያጠያይቅም። ይሁን እንጂ የአንድ አገር ቁርጠኝነት የሚለካው በጥቃቱ ማግስት በሚነገረው ቃል ብቻ አይደለም። በቀጣዮቹ ወራትና ዓመታት የፖሊስ፣ የፍርድ ቤት፣ የምክር ቤትና የአስተዳደር መሥሪያ ቤቶች በሚያከናውኑት ሥራ ነው። ለዚህም ከጎረቤታችን ኬንያ ዋና ከተማ የተሻለ አስረጂ ማግኘት ያዳግታል።

ናይሮቢ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራምና የሰዎች አሰፋፈር ፕሮግራም ዋና መሥሪያ ቤቶች መቀመጫና የምሥራቅ አፍሪካ የንግድ ማዕከል ናት። ከተማዋ በዓለም አቀፍ ሽብር ክፉኛ የተመታችው ነሐሴ 1 ቀን 1990 ዓ.ም. ነበር። በዚያን ዕለት አልቃይዳ በናይሮቢና በዳሬሰላም በሚገኙ የአሜሪካ ኤምባሲዎች ላይ በተመሳሳይ ሰዓት ባደረሰው የቦምብ ጥቃት በናይሮቢ ብቻ 213 ሰዎች ሞተዋል፤ ከሟቾቹ እጅግ የሚበዙት በአካባቢው በሥራና በመንገድ ላይ የነበሩ ኬንያውያን ነበሩ። ኬንያ በጥቅምት ወር 2004 ዓ.ም. ጦሯን ወደ ሶማሊያ ካዘመተችና ጦሯንም በአፍሪካ ኅብረት ተልዕኮ ሥር ካደረገች በኋላ ደግሞ የአልሸባብ ጥቃት ተደጋግሟል። ከእነዚህ መካከል በናይሮቢ የደረሱት ሁለት ጥቃቶች ጎን ለጎን ሲታዩ አንድ መንግሥት ከራሱ ድክመት እንዴት እንደሚማር፣ የት ላይም ሳይማር እንደሚቀር ያሳያሉ።

ሁለት ጥቃቶች፣ ሁለት ምላሾች

የመጀመሪያው መስከረም 11 ቀን 2006 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2013) በዌስትጌት የገበያ ማዕከል የተፈጸመው ነው። ቅዳሜ ቀትር ላይ ቤተሰቦች ለግብይትና ለመዝናናት በተሰባሰቡበት ሰዓት አራት ታጣቂዎች ወደ ማዕከሉ ገብተው ተኩስ ከፈቱ። በጥቃቱ 67 ሰዎች የሞቱ ሲሆን፣ ጋናዊው ባለቅኔ ኮፊ አዎኖር እና የወቅቱ የኬንያ ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ የቅርብ ቤተሰቦችም ከሟቾቹ መካከል ነበሩ። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሰዎችን ከሞት ያተረፉት በአብዛኛው በአካባቢው የተገኙ ጥቂት ፖሊሶችና የጦር መሣሪያ ፈቃድ ያላቸው ሲቪሎች ነበሩ። ከእነዚህም አንዱ የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ልጅ የሆነው ኬንያዊው ሶማሌ አብዱል ሀጂ ነበር። በሽጉጥ ብቻ ታጥቆ ወደ ሕንጻው በመግባት ሴቶችንና ሕጻናትን ሲያወጣ የታየበት ምስል ዓለምን ዞሯል።

የመንግሥት ኃይል ከደረሰ በኋላ የታየው ግን የዕዝ መከፋፈል ነው። የፖሊስ ልዩ ጓድና የመከላከያ ሠራዊቱ አንድ አዛዥና አንድ የመገናኛ ሥርዓት ሳይኖራቸው በአንድ ሕንጻ ውስጥ በመገናኘታቸው እርስ በርስ ተታኮሱ፤ የልዩ ጓዱ አዛዥም በዚሁ ተኩስ ሕይወቱን አጣ። ፖሊስ ሲወጣ ታጣቂዎቹ ፋታ አገኙ። ከአራት ታጣቂዎች ጋር የተደረገው ፍልሚያ እስከ አራተኛው ቀን ሲዘልቅ የሕንጻው አንድ ክፍል ፈራረሰ። በኋላ ይፋ የሆነው የደኅንነት ካሜራ ምስል ደግሞ አንዳንድ ወታደሮች ከሱቆች ዕቃ ይዘው ሲወጡ አሳየ፤ ሁለት ወታደሮችም ከሠራዊቱ ተባርረው ታሰሩ።

ሁለተኛው ጥቃት ጥር 7 ቀን 2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2019) ከቀትር በኋላ ዱሲት ዲ2 ሆቴል በሚገኝበት የቢሮዎች ግቢ የደረሰ ነው። አንዱ አጥቂ በላዩ ላይ የታጠቀውን ፈንጂ ሲያፈነዳ አራቱ እየተኮሱ ወደ ግቢው ዘለቁ። በዚህ ጊዜ ዘመቻውን ፖሊስ በበላይነት መርቶታል። ልዩ ጓዱ በፍጥነት በሥፍራው ተገኝቶ ሕንጻዎቹን አንድ በአንድ እያጸዳ ሠራተኞችንና እንግዶችን ማውጣት ቀጠለ። በማግስቱ ጠዋት ፕሬዚዳንት ኬንያታ አምስቱም አጥቂዎች መገደላቸውንና ከ700 በላይ ሰዎች ከግቢው በሰላም መውጣታቸውን ለሕዝቡ አስታወቁ። የ21 ሰዎች ሕይወት በመጥፋቱ ውጤቱን ድል ብሎ ለመጥራት የሚደፍር አይኖርም። ይሁንና አራት ቀን ከፈጀው ከዌስትጌት ጋር ሲነጻጸር ሃያ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ የተጠናቀቀው የዱሲት ዘመቻ ሰፊ ልዩነት እንዳለው መካድ አይቻልም።

የልዩነቱ ምንጭ የጀግንነት መብለጥና ማነስ አልነበረም። በዌስትጌትም ሕይወታቸውን የሰጡ ፖሊሶችና ወታደሮች ነበሩ። በአምስት ዓመት ልዩነት ውስጥ የተለወጠው ማን እንደሚያዝ፣ ማን ቀድሞ እንደሚገባ፣ መረጃ በማን አማካይነት ለሕዝብ እንደሚነገር አስቀድሞ መወሰኑ ነው። ጥቃት በደረሰ ሰዓት ይህን ለመወሰን መሰብሰብ ጊዜው ያለፈበት ነው።

ድክመትን መመርመር የድክመት ምልክት አይደለም

በሁለቱ ጥቃቶች መካከል ያለው ጉዞ ቀጥተኛ አልነበረም። ከዌስትጌት በኋላ ፕሬዚዳንቱ አጣሪ ኮሚሽን እንደሚቋቋም ቃል ቢገቡም ኮሚሽኑ ሳይቋቋም ቀርቷል። የምክር ቤቱ የጋራ ኮሚቴዎች ያዘጋጁት ሪፖርትም በዚያው በ2006 ዓ.ም. በምክር ቤቱ አባላት ውድቅ ተደርጓል። በዚህም ምክንያት የኬንያ ሕዝብ በዚያ ሕንጻ ውስጥ በአራት ቀናት የሆነውን ሁሉ ከአንድ ሥልጣን ካለው ሰነድ የማወቅ ዕድል አላገኘም።

ያልተመረመረ ድክመት ተመልሶ ይመጣል። መጋቢት 24 ቀን 2007 ዓ.ም. ንጋት ላይ ታጣቂዎች በጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተማሪዎች መኖሪያ ሲገቡ ይኸው የፖሊስ ልዩ ጓድ ከናይሮቢ ተንቀሳቅሶ የደረሰው ከብዙ ሰዓታት በኋላ ከቀትር አልፎ ነበር። ጓዱ ከገባ በኋላ ዘመቻው ለመጠናቀቅ ረጅም ጊዜ አልወሰደም። እስከዚያ ድረስ ግን 148 ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህም 142ቱ ተማሪዎች ነበሩ። ኃይሉ ብቃት እያለው በሰዓቱ አለመድረሱ የትራንስፖርትና የትዕዛዝ ጉዳይ ሲሆን፣ የትራንስፖርትና የትዕዛዝ ጉዳይ ደግሞ በመሠረቱ የቢሮ ሥራ ነው።

በሌላ በኩል ኃላፊነትን በተመለከተ የተወሰደ እርምጃም አለ። በኅዳር ወር 2007 ዓ.ም. በማንዴራ አካባቢ በአንድ አውቶቡስ ተሳፋሪዎች ላይ 28፣ ከአሥር ቀናት በኋላም በድንጋይ ካባ ሠራተኞች ላይ 36 ሰዎች ሲገደሉ የፖሊስ ዋና ኢንስፔክተሩ ሥልጣናቸውን ለቅቀዋል፤ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩም ከኃላፊነታቸው ተነስተዋል። የባለሥልጣን መለወጥ ብቻውን ጥቃትን አያስቆምም። ሆኖም ኃላፊነት የሚያስጠይቅ መሆኑን ዜጋው ሲያይ መንግሥት ነገ "ተባበሩኝ" ብሎ ሲጠራው ለመስማት ይቀርባል። አንዳንዶች በአደጋ ጊዜ ጥያቄ ማንሳት ጠላትን እንደ መርዳት አድርገው ያዩታል። የዌስትጌትና የጋሪሳ ተሞክሮ የሚያስረዳው ግን ተቃራኒውን ነው፤ ጠላትን የረዳው ጥያቄው ሳይመለስ መቅረቱ ነው።

"አህያውን ፈርቶ ዳውላውን"

የአገር ቁርጠኝነት ከሚፈተንባቸው ጉዳዮች ሁሉ ከባዱ ቁጣን በሕግ መግራት ነው። ከዌስትጌት በኋላ ጥቃቶች በመቀጠላቸው የኬንያ መንግሥት በ2006 ዓ.ም. በመጋቢት ወር ማብቂያ "ኡሳላማ ዎች" የተሰኘ ዘመቻ ጀመረ። የዘመቻው ዋነኛ ሥፍራ አብዛኛው ነዋሪው ሶማሌ የሆነውና ከአገራችን የሄዱ ስደተኞችም የሚኖሩበት ኢስትሊ የተባለው የናይሮቢ ክፍል ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተይዘው ብዙዎቹ በካሳራኒ ስታዲየም ለማጣራት እንዲቆዩ ተደርጓል። የኬንያ የራሷ ገለልተኛ የፖሊስ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን በኋላ ባደረገው ማጣራት የአያያዙን ጉድለቶች አንስቶ ተችቷል።

አበው "አህያውን ፈርቶ ዳውላውን" እንዲሉ፣ ጥፋተኛውን ማግኘት ሲያዳግት የሚመስለውን ሁሉ መቅጣት ቁርጠኝነት ቢመስልም ውጤቱ የተገላቢጦሽ ነው። ለፖሊስ መረጃ ሊሰጥ የሚችለው በዚያ ሰፈር የሚኖረው ሰላማዊ ነጋዴ፣ ተማሪና እናት ነው። እርሱ ሌሊት በሩ ሲደበደብና መታወቂያ እያሳየ ሲታሰር ከዚያ በኋላ ያየውን ለማን ይናገራል? አልሸባብ የሚፈልገውም ሶማሌውንና ሙስሊሙን ከሌላው ኬንያዊ መነጠል ነው።

ለዚህ ዓላማ የተሰጠው ጠንካራ መልስ የመጣው ከተራ ዜጎች ነበር። በታኅሣሥ ወር 2008 ዓ.ም. በማንዴራ አካባቢ ታጣቂዎች አንድ አውቶቡስ አስቁመው ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን ተሳፋሪ ለመለየት ሲሞክሩ ሙስሊም ተሳፋሪዎች "ከገደላችሁን አብራችሁ ግደሉን" በማለት አንለያይም አሉ። ሴቶቹም ለክርስቲያን ተሳፋሪዎች ሻሻቸውን አውጥተው ሰጡ። በዚህ ጊዜ የቆሰለው መምህር ሳላ ፋራህ ከሳምንታት በኋላ ሕይወቱ አልፏል፤ አገሩም ከሞቱ በኋላ በኒሻን አክብራዋለች። ከአንድ ዓመት ቀደም ብሎ በዚያው አካባቢ 28 ተሳፋሪዎች ተለይተው መገደላቸውን ለሚያስታውስ ሰው የዚያ አውቶቡስ ተሳፋሪዎች ምርጫ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ግልጽ ነው። ብሔራዊ አንድነት የሚባለው ቃል ተጨባጭ መልኩ ይህ ነው።

በዱሲት ጥቃት ምርመራ የተገኘው እውነታም ይህንኑ ያጠናክራል። ከጥቃቱ ፈጻሚዎች መካከል በኬንያ ተወልደው ያደጉ ዜጎች የነበሩ ሲሆን፣ መሪያቸው የተባለው ሰው ከናይሮቢ አጠገብ በሚገኘው የኪያምቡ አስተዳደር ቤት ተከራይቶ እንደ ማንኛውም ሰው ይኖር ነበር። ሽብርን በአንድ ብሔረሰብ ወይም በአንድ ሰፈር ብቻ የሚፈልግ ዓይን ይህን ቤት አልፎት ይሄዳል።

የፍርድ ቤት ትዕግሥት

ከጥቃት በኋላ ሕግን የማጥበቅ ፍላጎት መምጣቱ የተለመደ ነው። የኬንያ ምክር ቤት በታኅሣሥ 2007 ዓ.ም. የጸጥታ ሕጎችን የሚያሻሽል አዋጅ ሲያወጣ፣ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሁለት ወራት በኋላ ስምንት አንቀጾቹን ሕገ መንግሥቱን ይቃረናሉ በሚል ሽሯል። ከተሻሩት መካከል በመገናኛ ብዙኃን ዘገባ ላይ የተጣለው ገደብና የስደተኞችን ቁጥር በ150 ሺህ የሚወስነው ድንጋጌ ይገኙበታል። አዋጁ ግን በሙሉ አልወደቀም፤ መንግሥትም ውሳኔውን ተቀብሎ በቀረው ሕግ መሥራቱን ቀጥሏል።

የፍርድ ሂደቱም ረጅም ነበር። በጋሪሳው ጉዳይ ጥፋተኛ የተባሉት ሦስት ሰዎች በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ አንዱ ዕድሜ ልክ፣ ሁለቱ እያንዳንዳቸው 41 ዓመት ተፈርዶባቸዋል። በዌስትጌት ጉዳይ ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ሁለት ሰዎች በ33 እና በ18 ዓመት እስራት ሲቀጡ፣ ማስረጃ ያልቀረበባቸው ተከሳሾች በነጻ ተሰናብተዋል። የዱሲትን ጥቃት ፈጻሚዎች ደግፈዋል የተባሉ ሁለት ሰዎችም በሰኔ 2017 ዓ.ም. እያንዳንዳቸው በ30 ዓመት እስራት እንዲቀጡ ተወስኗል። ከጥቃት እስከ ፍርድ ስድስትና ሰባት ዓመታት መቆጠራቸው ለተጎጂ ቤተሰቦች ከባድ ነው፤ ሂደቱን የማፋጠን ግዴታም አለ። ይሁን እንጂ በማስረጃ የሚቀጣና በማስረጃ ማነስ የሚያሰናብት ፍርድ ቤት ያለው መንግሥት ከአሸባሪው የሚለይበትን መስመር ለሕዝቡ በግልጽ አስቀምጧል።

ለአገራችን ያለው ትርጉም

የናይሮቢ ጉዳይ ለኢትዮጵያ የሩቅ ወሬ አይደለም። ሁለቱ አገሮች ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ድንበር ይጋራሉ፤ የሁለቱም ወታደሮች በሶማሊያ በአፍሪካ ኅብረት ተልዕኮ ሥር አብረው ተሰልፈዋል። ሐምሌ 4 ቀን 2002 ዓ.ም. በካምፓላ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜን በሚመለከቱ ሰዎች ላይ በደረሰውና ከ70 በላይ ሰዎች በሞቱበት ጥቃት ከሁለቱ ዒላማዎች አንዱ "ኢትዮጵያን ቪሌጅ" የተሰኘው ምግብ ቤት እንደነበረ ይታወሳል። ከዌስትጌት ጥቃት ሦስት ሳምንታት በኋላ ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያና ናይጄሪያ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ በአዲስ አበባ ስታዲየም በተጋጠሙበት ዕለት፣ በቦሌ አካባቢ በአንድ የኪራይ ቤት ውስጥ የነበሩ ሁለት ሰዎች ያዘጋጁት ፈንጂ በራሳቸው ላይ ፈንድቶ ሞተዋል። በወቅቱ ባለሥልጣናት ሰዎቹ ያሰቡት በኳስ ተመልካቹ ላይ ጥቃት ለማድረስ እንደነበር ገልጸዋል። በዚያን ዕለት አዲስ አበባ ከእልቂት የተረፈችው በአብዛኛው በአጋጣሚ ነበር። አጋጣሚን ደግሞ እንደ ዕቅድ መያዝ አይቻልም።

በኪያምቡ የተከራየው ቤትና በቦሌ የተከራየው ቤት ለመንግሥት ሠራተኛ የሚያስተላልፉት መልእክት አንድ ነው። ሽብርን የመከላከል ሥራ ልዩ ኃይሉ ከመጠራቱ ከብዙ ወራት በፊት፣ መታወቂያ በሚሰጥበት መስኮት፣ የኪራይ ውል በሚመዘገብበት ጠረጴዛ፣ የተሽከርካሪ ሰሌዳ በሚታደልበት ክፍልና በድንበር ኬላ ይጀምራል። በገንዘብ ወይም በትውውቅ የተሰጠ አንድ መታወቂያ በኋላ መቶ ኮማንዶ ሊመልሰው የማይችል ጥፋት ሊያስከትል ይችላል። ከዚህ አኳያ ሙስናን መታገልና ሽብርን መከላከል የሚነጣጠሉ ተግባራት አይደሉም። ኬንያ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ "ንዩምባ ኩሚ" ወይም "አሥር ቤት" በሚል ያስጀመረችው የነዋሪዎች የጋራ ጥበቃ አሠራርም ጎረቤት ጎረቤቱን እንዲያውቅ በማድረግ ላይ የተመሠረተ ነው። ውጤታማ የሚሆነው ግን ነዋሪው ጥቆማ ሲሰጥ እንደማይጎዳ፣ በሐሰት የተጠቆመበትም ሰው ፍትሕ እንደሚያገኝ ሲተማመን ብቻ ነው።

የሕግ ማዕቀፉም በዚሁ መንፈስ ሊታይ ይገባል። የሽብር ወንጀልን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1176/2012 የቀድሞውን አዋጅ ቁጥር 652/2001 ሲተካ፣ የቀድሞው ሕግ በዜጎች መብትና ነጻነት ላይ አሉታዊ ውጤት ያስከተሉ የይዘትና የሥነ ሥርዓት ክፍተቶች እንደነበሩበት በመግቢያው አስፍሯል። ሕጉን በሥራ ላይ የሚያውሉ አካላት ይህን መግቢያ እንደ ጌጥ ሊያዩት አይገባም። ሽብር የሚለው ስም ሽብር ላልሆነ ነገር በተሰጠ ቁጥር እውነተኛው ሽብር ሲመጣ ቃሉ ክብደት ያጣል፤ ሕዝቡም ማስጠንቀቂያውን መስማት ያቆማል።

ዌስትጌት ከተጠቃ ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. እንደገና ተከፍቷል፤ ዱሲት ዲ2 ሆቴልም በተጠቃበት ዓመት በሩን ለእንግዶች ከፍቷል። ሱቆች መከፈታቸውና ሠራተኞች ወደ ሥራቸው መመለሳቸው ለአሸባሪው የሚሰጥ የማያሻማ መልስ ነው። ያም መልስ የጸና እንዲሆን ግን ከበስተጀርባው አንድ ዕዝ፣ ግልጽ ምርመራ፣ ነጻ ፍርድ ቤትና ዜጋን ከዜጋ የማይለይ አስተዳደር መኖር አለበት። እነዚህ በአንድ ጀምበር የሚገነቡ አይደሉም፤ ከጥቃት በኋላም ቢጀመሩ ይዘገያሉ። "ሳይቃጠል በቅጠል" የሚለው የአበው ምክር ለአንድ አገር የጸጥታ ፖሊሲም እንደሚሠራ ተገንዝቦ፣ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት በሰላሙ ቀን የድርሻውን ክፍተት ፈትሾ መድፈን ይጠበቅበታል።